አሥራ አንደኛው ቀን

ትሪየስቴ፣ ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራ ወርዶ
የሰዉን ጃንጥላ እየቀማ ባሕር ውስጥ በሚጥልበት፣
ወደቡ ዳር የመርከብ መድን ቤት አለ፣
ሌሊት ሌሊት እኔ ዳታቤዝ የምጠብቅበት።

ሰርቨራችን ሁለት ነው።
አንደኛው እዚሁ ነው፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፣
የሰጠመ ይቆጥራል፣ የተረፈ ይመዘግባል፣ ካሳ ያሰላል።
ሁለተኛው ኡዲኔ ነው፣ ከአንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት ሥር፤
ታላቁ የተናገረውን ቃል በቃል ይገለብጣል እንጂ
ከማንም ጋር አይነጋገር።

ተጠባባቂ ይሉታል።
ስለ እንቅልፉ የተጻፈ ውል አለው፣
ኦንዲና፣ አለቃዬ፣ በቃሏ የምትወጣው፦
«እስከተኛ ድረስ ክፍያ የለበትም።
ታላቁ ወድቆ ቢተካው፣ ወይም ለሙከራ ቢቀሰቀስ፣
በዓመት አሥር ቀን አይጠየቅበትም።
አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ግን
እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሰርቨር ይታሰባል፣
በፕሮሰሰሩ ቁጥር ልክ የሙሉ ፈቃድ ዋጋ ይከፈላል።
የቀን ቁራጭ ቀን ነው።»

የቀን ቁራጭ ቀን ነው!
ይህችን መስመር የጻፋት ሰው
ጠበቃ ሆኖ ባከነ እንጂ፣ ባለቅኔ ነበር የሚወጣው።

ኦንዲና የነቃበትን ቀን ሁሉ ግድግዳው ላይ
በቀይ እርሳስ ትከባለች።
ሁለቱ በየካቲት ሄዱ፣ አይጥ ገመዱን የበላው ለታ፤
አራቱ በግንቦት፣ ዲስኩ ሲያቃስት ከርሞ በመጨረሻ ሲረታ፤
ሦስቱ በመስከረም፣ «ቢጠሩት ይነሣ ይሆን?» ብለን።
ዘጠኝ።
በነፋስ መሃል የመጨረሻዋን ክብሪት
በመዳፏ እንደጋረደች ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ
«አንድ ቀረን» አለችኝ፣ «አንድ ቀረን»።

በኅዳር እኔ ቀሰቀስሁት።
አዲስ ፕሮግራም ልንጭን ነበር፤ ሳይሞከር ማን ይደፍራል?
ለእኩለ ሌሊት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከፈትሁት፣
እኩለ ሌሊት አልፎ አሥር ደቂቃ ሲሆን ዘጋሁት።
ግማሽ ሰዓት! ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ፤
ግማሿ ሰዓት የቀን ድንበር ላይ እግሯን አንፈራጣ መቆሟን
ያየሁት ጠዋት ነው፣
ቀይ እርሳሱ ሁለት ጊዜ ሲዞር።

በጥር ኦዲተሩ ከሚላኖ መጣ፣ ታርቺዚዮ ይባላል፤
ጉንፋን ይዞታል፣ መንደሪን እየላጠ መዝገቡን ይገልጣል።
ክፉ ሰው አይደለም። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ
«እዚህ ነቅቷል» አለ፤ «እዚህም» አለ፣ አፍንጫውን ጠርጎ።
«ሙከራ እኮ ነው» አልሁት።
«ሲሞከር የሚተኛ አለ?» አለኝ።
የምመልሰው አጣሁ።

ዋዜማውን፣ አልደብቅም፣
«መዝገቡን እንፋቀው» ብያት ነበር።
ኦንዲና መነጽሯን አወለቀች፦
«ባለመርከቦቹ መነሣቱን በምን እንመን ሲሉን
የምናሳያቸው ይኸንኑ ገጽ አይደል?
ከሳሽህ ምስክርህ ነው፣ ኔቪዮ፤
አንዱን ፍቀህ ሌላውን አታቆይም።»
ከፈልን። ማንም አልተቆጣኝም፤ እሱ ባሰብኝ።

ዘንድሮ ፈራን።
ሙከራ በተባለ ቁጥር «ቆይ» እያልን
ካሌንደሩን ቀይ ሳይነካው ታኅሣሥ አለቀ።
በመጨረሻው ሌሊት ወደቡ ላይ ርችት ሲፈነዳ
ስልኩ ጮኸ።
«አሥሩም ቀን እጃችን ላይ ሊሻግት ነው፤
ያልተነካ ቀን ለከርሞ አይሻገርም።
ሃያ ደቂቃ አለህ። ቀስቅሰው።»

«ስንት መርከብ አለን?» አልሁ፣ ሁለቱንም።
ታላቁ፦ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባት።
ተጠባባቂው ጥቂት ቆየና፦
አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት።

ነቃ፤ ሲነቃም ነቁ ታየ።
አንዲት መርከብ፣ አሁን ባሕር ላይ ያለች፣ መድኗ የተከፈለ፣
ኡዲኔ አልደረሰችም፤
ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ኦንዲና ስልኩን ሳትዘጋ ካፖርቷን ስትለብስ፣
ቁልፍ ስትፈልግ ይሰማኛል።
«ሰዓቱ ሊሞላ ነው» አልኋት፣ «ልዝጋው?»
«ይሙላ» አለች።
«ቀይ እርሳሱን አዘጋጅ፤ እንዳትዘጋው።»